እስከ ማክሰኞ

ሁዳዴ ሲፈታ ሁሉም ሰው ገደፈ፤
የእኔ ጾም ግን ቀረ፣ ሦስት ፋሲካ አለፈ።
ክረምቱም ዘነበ፣ ጦሳ ጉም ለበሰ፣
ከሽሮ ወደ ምስር ቀኔ ተመላለሰ።
«ስእለት ነው?» አሉኝ። አይደለም።
«ሐኪም ከለከለህ?»
ቢከለክለኝማ ደብቄ እበላ ነበር፤ ሰው ነኝ።

ሃያ ሁለት ዓመት ኮምቦልቻ ቄራ
ሚዛን ላይ ነው የኖርኩ፣ ከመንጠቆ ጋራ፤
ወገብና ሽንጡን፣ ታፋና ጎድኑን
ስጽፍ ነው ያረጀሁ የኪሎ ልኩን።
ጡረታ ወጥቼ፣ በመጀመሪያው ዓመት
ሰሃኔ ላይ የመጣው ቁጥር ነው፤ ሥጋ አይደል፣ ወይ አጥንት።
ቁጥር እንዴት ይበላል?
ተውኩት። ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም።

ኋላ ግን እግሬ ሥር መርፌ መርፌ አለኝ፤
አራዳ መሃል ቆሜ የሰው ስም ጠፋኝ።
ሉባባ፣ የሸዋበሯ ባለመድኃኒት፣
«ጋሼ፣ እህል ብቻ ነው?»
«ብቻ።»
«አብሽር» ብላ ቀይ ኪኒን ቆጠረች፦
«ቢ አሥራ ሁለት ነው። ምስሩ ቢንተከተክ፣ ጎመኑ ቢበስል
ይሄን አይሰጥህም፤
ያለው ጉበት ውስጥ ነው፣ ወይ እዚች ፍሬ ላይ።»
ዋጥኩት። ከወራት በኋላ ስሞች ተመለሱ፣
የአማቴ እንኳን ሳይቀር፤
እሱስ ባይመለስም አይከፋኝም ነበር።

ጥፋቴ ግን ይሄ ነው፤ ይጻፍልኝ፦
ሻሼን አስጾምኳት።
ግንባሯ ላይ ነጭ ያሰረች ድመቴን።
ሽሮ አቀረብኩላት፣ ምስር ፈጭቼ፣
ከቀይዋ ኪኒን ሩቧን ነስንሼ።
አሸተተች። አየችኝ።
ከዚያ የሰሃኑን ዙሪያ በመዳፏ ጫረች፣
ጓሮ የጣለችውን አፈር እንደምታለብስ፤
ሽሮዬን ቀበረችው።
በሁለተኛው ወር ጠጉሯ ረገፈ፤
ወደ መስኮት ዘላ ግድግዳ ላጋት።

ደርበው፣ የከብት ሐኪሙ፣ ዓይኗን በባትሪ አየና
መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተቆጣ፦
«ድመት የንስሐ አባት የላትም!
ሥጋ ስታጣ ልቧ ይደክማል፣ ዓይኗ ይጠፋል።
ጥሬውንም ዝም ብለህ አትወርውርላት፤ ትል አለው።
ቀቀል አድርገው። እጅህን ታጠብ።»
«እኛስ ጥሬ ቆርጠን፣ ኮሶ ጠጥተን አይደል ያደግን?»
«ጠጪ በላታ፣ ኮሶውን።»

ይኸው በየማለዳው ከአበጋዝ ልኳንዳ
እቆማለሁ፣ ሰው እስኪያልፍ፣ እንደ ባለ ዕዳ።
«ሁለት መቶ ግራም ጉበት።»
«ለድመቷ» ይላል አበጋዝ፣ ቢላውን እየሳለ።
«ለድመቷ» እላለሁ።
«ለድመቷ» ይላል ወረፋው።
«የእኔም ባል» አለች አንዲት ሴትዮ ከኋላ፣
«በጾም በጾም ድመት ነበረው።»
ሚዛኑን አየዋለሁ። አሥር ግራም ጎድሏል፤
ዓይኔ ያውቃል። ዝም እላለሁ።

ቤት ስንገባ እንቀመጣለን፣
እሷ ወለሉ ላይ፣ እኔ በርጩማዬ ላይ፤
ቀይ ለእሷ፣ ቀይ ለእኔ።
ቀቀል አድርገው ተብዬ ነበር፤
ክሰል ተወደደ።
ጠጉሯ መጥቷል። አይጥ ግን እስካሁን አልያዘችም፤
ወይ ዓይኗ አልዳነም፣ ወይ ጠግባለች፤ አላውቅም።
ጣቴን ትልሳለች፣ ድርሻዋን ስትጨርስ።
ታጠብ ተብያለሁ፤
ቧንቧችን የሚመጣው ማክሰኞ ነው፤ ዛሬ ሐሙስ።
ጣቴን ወደ አፍንጫዬ አመጣለሁ፣
እመልሳለሁ፣
ደግሞ አመጣለሁ።